ጋሽ ካሳውና ያልተመለሱት ዘጠኝ ደብዳቤዎች

ጋሽ ካሳው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። እህታቸው እትዬ የሺ ከጋሸና ወዲያ ካለው መንደራቸው ስልክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥተው ደወሉልኝ።

«ትርንጎ፣ ካሳው አረፈ» አሉ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ረቡዕ ቀበርነው። ስንደውል ስንደውል ስልክሽ አይጠራም።»

ስልኬ ክፍት ነበር፤ መስመሩ ነው የጠፋው። አንሶላ እያጠፍኩ ነበርና ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ማጠፌን ቀጠልኩ፤ እጄ ምን ይሥራ? ሰው ሁሉ ሲያለቅስላቸው በዋለበት ረቡዕ እኔ የሆቴሉን የሰባት ቁጥር ክፍል መጋረጃ ሳጥብ ነው የዋልኩት። ዘፈን ሳላንጎራጉርም አልቀረሁ።

እትዬ የሺ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። «እስከ መጨረሻው ‹መጣ ወይ?› ይል ነበር። ልጅ የለው፣ ሚስት የለው፣ ማን ነው የሚመጣለት? እኛስ ያስቃዠው መስሎን ነበር።»

አላስቃዣቸውም። ደብዳቤ ነበር የሚጠብቁት።

እኔ እዚህ ላሊበላ ባንድ መካከለኛ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነኝ። ጋሽ ካሳው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ድሮ አግብተው ሳይወልዱ ተለያይተዋል ይባላል። ይህን ሳነሳባቸው «እሱ የተዘጋ መዝገብ ነው፣ ወደ አልጋሽ ሂጂ» ብለው ያባርሩኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ከጄኔሬተሩ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ኖሩ። ማታ ማታ ሲስሉ እሰማቸዋለሁ፤ ሲያወሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከማን ጋር ያውሩ?

መጀመሪያ ሳያቸው ዳዊት የሚደግሙ ነበር የመሰለኝ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ከመስመር መስመር ይወርዳል። ጠጋ ብዬ ሳይ ፊታቸው ያለው ኮምፒውተር ነው። ግን የሌላ ሰው ኮምፒውተር አይመስልም። ጥቁር ነው፣ ነጭ ፊደል ብቻ የተደረደረበት። ስዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ማውስ የለ። ኋላ እንዳስረዱኝ ኤዲተር ይባላል፣ ሰው ጽሑፍ ብቻ የሚጽፍበት ፕሮግራም ነው። ሌላው ሰው እዚያ ላይ ቢበዛ ማመልከቻ ይጽፋል። ጋሽ ካሳው ግን ኢሜይላቸውን እዚያው ይቀበላሉ፣ እዚያው ያነባሉ፣ እዚያው ይመልሳሉ፤ የዛሬ አሥር ዓመት የመጣውንም ቢሆን አንዲት ቃል ጽፈው ከዚያው ያወጡታል። አንድ ቁልፍ ሲነኩ ደብዳቤው ይከፈታል፣ ሌላ ሲነኩ መልስ መጻፊያው ይመጣል። ደብዳቤው ሁሉ ደግሞ የሚቀመጠው ማሽኗ ሆድ ውስጥ ነው። «የሌላው ሰው ደብዳቤ ያለው ሰማይ ላይ ነው፤ የኔ እዚህ ነው» ይሉና በጣታቸው ቆርቆር ያደርጓታል።

ይህን ያስተማሯቸው አሸተን ማርያም ሲወጡ እግራቸው ተሰብሮ አንድ ክረምት ሙሉ ሆቴላችን የተኙ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን በኮምፒውተር ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ አሉ። ያገራችን የኢንተርኔት መስመር እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ስዕሉን ሁሉ ልጎትት ቢሉ ይበጠሳል፤ ፊደል ብቻ ሲሆን ግን ያልፋል። ሽማግሌው ድነው ሲሄዱ ማሽኗን ትተውላቸው ሄዱ።

አስጎብኚው አበባው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይተርባቸዋል። «ጋሽ ካሳው፣ ይቺ ኮምፒውተር ማን ሞቶባት ነው? ጥቁር እንደለበሰች ዓመት ሞላት እኮ!»

«ደብዳቤ እያነበብኩ ነው፣ ወዲያ በል።»

«ስዕል እንኳ የላትም!»

«ስዕል ካማረህ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ተሳለም።»

አበባው እየሳቀ ይወጣል። የሳቸውም ትከሻ ይነቀነቃል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ደብዳቤ ሳይመለስ አያድርም። «ደብዳቤ እንግዳ ነው። በራፍ ላይ አቁመሽ አታሳድሪውም» ይሉኛል። ዋጋ ጠይቆ ለቀረው ይመልሳሉ፣ ሰርዣለሁ ላለው ይመልሳሉ፣ ባዶ ሰላምታ ለላከው ሳይቀር ይመልሳሉ። ከመለሱ በኋላ እያንዳንዱ ላይ ምልክት ያኖሩበታል። «ተመልሷል» አንዱ ነው። እንግዳው ከመጣ «መጥቷል»፣ ካልመጣ «ቀርቷል»።

አንድ ጊዜ ከስድስት ዓመት በፊት አድረው የሄዱ አንዲት ባልቴት ተመልሰው መጡ። ጋሽ ካሳው ስማቸውን ፈልገው የድሮ ደብዳቤያቸውን አነበቡና አሥራ አንድ ቁጥርን ሰጧቸው፤ ከጎረቤት ዶሮ ቤት የራቀውን። ያን ጊዜ «ዶሮው አላስተኛኝም» ብለው ጽፈው ነበርና። ባልቴቷ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የሚያስታውሳቸው ሰው ካገኙ ቆይቷል መሰለኝ። ኋላ እኔ ላሽሟጥጥ ብዬ «እርስዎ መቼ አስታወሱ? ማሽኗ ናት እንጂ!» አልኳቸው።

«ፈልጎ ማግኘትም ማስታወስ ነው፣ ትርንጎ። ያልፈለገ ያገኛል?» አሉኝ።

ከዚያ በሽታው መጣና ዓለም በሩን ዘጋ። በሽታው ሳይወጣ ጦርነቱ ገባ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ሁሉ አሰናብቶ ጋሽ ካሳውን ለጥበቃ፣ እኔን ፍራሹ እንዳይሻግት ለማናፈስ አስቀረን። ሃያ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሰው። ጋሽ ካሳው ግን በየቀኑ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሹራባቸውን አራግፈው፣ መቀበያው ጀርባ ይቀመጣሉ። ከኋላቸው የክፍሎቹ ቁልፎች ሁሉ በየሚስማራቸው ተንጠልጥለዋል። «ቁልፍ እንዲህ ሞልቶ ሲሰቀል አያምርም፤ ጎድሎ ነው የሚያምረው» ይሉ ነበር።

መስመርም መብራትም ጠፍቷል። ፀሐይ የምታስሞላት አንዲት ባትሪ ነበረችን፤ ማሽኗን በቀን አንድ ሰዓት ታስከፍታለች። እኔ ረፋዱ ላይ ፍራሾቹን አስጥቼ ስጨርስ «ነይ፣ ሰዓታችን ደርሷል» ይሉኛል። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ፈረንጅኛዋን የለቀምኳት ከሻምፖ ጠርሙስ፣ እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት ወረቀትና ከዚያች ጥቁር ማሽን ነው። በቀን አንድ ቃል እንፈልጋለን። «ዛሬ ማንን እንጥራ?» ይላሉ። ዝናብ ስንል ስለ ዝናብ የጻፈ እንግዳ ሁሉ ይሰለፋል፤ ካፖርት ላምጣ ወይ ያለው፣ ጫማዬ አልደርቅ አለ ያለው። በቅሎ ስንል በቅሎ የፈሩት ሁሉ ይመጣሉ። አንድ አንዱን እየከፈቱ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ ከዚያ እኔ በእንግሊዝኛው በጣቴ እከተላለሁ። ባዶው አዳራሽ ሰው የሞላበት ይመስላል፤ ባትሪዋ እስክታልቅ።

አንድ ቀን «አመሰግናለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የወጣው ደብዳቤ ወደ ታች ብወርድ ብወርድ መጨረሻ የለውም።

«አየሽ?» አሉ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች እያዩ። «ብዙ አመስግነውናል።»

ሌላ ቀን «ሞተ» የሚለውን ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ያን ሰሞን ከየአቅጣጫው የምንሰማው እሱን ብቻ ስለነበር ይሆናል። ጋሽ ካሳው «እሷን ተያት» ብለው እጃቸውን ሰደዱ፤ እኔ ግን ቁልፉን ነክቼዋለሁ። ዘጠኝ ደብዳቤ ወጣ። ዘጠኙም ላይ እስከዚያ ቀን አይቼው የማላውቀው ምልክት አለ፤ «ለቅሶ» ይላል። «ተመልሷል» የሚል ግን አንዱም ላይ የለም።

«ጋሽ ካሳው፣ እነዚህ ለምን ሳይመለሱ ቀሩ?»

«ምን ብዬ ልመልስ?»

«እግዜር ያጥናችሁ ይበሏቸዋ!»

«በደብዳቤ?» ዞረው አዩኝ፤ የተቆጡ መሰለኝ። «ጎረቤትሽ ባሏ ቢሞት በራፏ ሥር ወረቀት ሸጉጠሽ ነው የምትመለሽው? ለቅሶ ይሄዱበታል እንጂ ይጽፉታል? ሄደሽ፣ ገብተሽ፣ ከአጠገቧ ተቀምጠሽ፣ አብረሻት አልቅሰሽ ነው። እኔ እነዚህ ሰዎች ቤት በምን እግሬ እደርሳለሁ? መድረስ ካልቻልኩ ዝም ማለት ይሻለኛል። ‹አዝናለሁ› ብሎ ጽፎ እንጀራ መብላት ማሾፍ ነው።»

ደብዳቤ በራፍ ላይ የማያሳድሩት ሰው ዘጠኙን ለዓመታት በራፍ ላይ ያቆሟቸው ለካ ከንቀት አልነበረም። እዳ አለብኝ ብለው ነው ምልክት ያደረጉባቸው። አንድ ቀን የሚሄዱ ይመስል።

ከዘጠኙ ሦስቱ የአንዲት ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ማርታ ይሏቸዋል ጋሽ ካሳው። ከባላቸው ጋር መጥተው አምስት ቀን አድረዋል። መጀመሪያው ደብዳቤ ባሌ አረፈ ይላል። ሁለተኛው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን ይላል። ሦስተኛውን ጋሽ ካሳው ማንበብ አልፈለጉም፤ በግድ አስነበብኳቸው።

«ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ቀን እኔ ታምሜ ስቀር ከባሌ ጋር የዋሉት እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እንደሚሞት ያውቅ ነበር? ለእኔ ምንም ሳይለኝ ነው ያረፈው። ያውቅ ከነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ካላወቀም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ደብዳቤው ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ያውቅ ነበር።»

ያን ቀን አስጎብኚ ጠፍቶ ጋሽ ካሳው ናቸው ባልየውን ይዘው የሄዱት። መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሽታ የቀረውን በእግር ሄዱ። ዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጥንት ጀምሮ ሊሳለሙ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች አጽም አለ። ሰውየው እሱ ፊት ብዙ ቆመው «እነዚህ ሊሞቱ ብለው ነው የመጡት?» አሉ። ጋሽ ካሳው «ሊሳለሙ መጥተው ነው ያረፉት» አሏቸው። «ጥሩ ቦታ አገኙ» ብለው ሳቁ ሰውየው። ከዚያ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሐኪም ያላቸውን ነገሯቸው፤ የሚቀጥለውን የገና በዓል አያዩም። «ለሚስቴ እንዳትነግራት። ይህን ጉዞ ደስ ብሏት ትጨርሰው» አሉ። ጋሽ ካሳው እሺ አሉ።

«አየሽ፣ አደራም አለብኝ» አሉኝ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። «ለእኛ ዝምታዎ ክብር ነው እንበል። እሷ የላስታን ልማድ በምን ታውቀዋለች? ሦስት ጊዜ ደጅ ቆማ ጮኻ የሚከፍትላት አጥታ የሄደች ሴት ናት! ምን ብላ የምታስብ ይመስልዎታል?»

ማሽኗን ከደኗት። ባትሪዋ ገና ግማሽ ነበራት።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሃያ ሁለት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሲኳረፍ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። በሦስተኛው ቀን ጧት መቀበያው ጀርባ የሉም። ክፍላቸው ተዘግቷል፣ ጋቢያቸውና ዱላቸው የሉም። መቀበያው ላይ ወረቀት ትተዋል፤ «ነገ እመለሳለሁ። ካ.» መንገዱ ሰላም አልነበረም፣ ጉልበታቸውም ደህና አልነበረም። ያን ቀን ፍራሽ አስጥቼ ማስገባት ረስቼ ዝናብ መታብኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እያነከሱ ገቡ። ጫማቸው በጭቃ ሌላ ጫማ መስሏል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብኩላቸው፤ እግራቸውን ነክረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደረስኩ» አሉ።

«የት?»

«ለቅሶው ጋ። ቤቷ በእግሬ አይደረስም። እሱ የተቀመጠባት ድንጋይ ግን ይደረሳል። እዚያ ሄጄ አለቀስኩለት። ቄሱ መጥተው ‹ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?› አሉኝ። ‹እንግዳዬ› አልኳቸው። አብረውኝ ተቀመጡ። ዳዊት ደገሙለት።»

«አደራውስ?»

«እንዳትነግራት ያለኝ እንዳታዝን ብሎ ነው። አሁን የሚያሳዝናት አለማወቋ ሆነ። እንግዲህ አደራው እዚያ ላይ ያበቃል መሰለኝ።» እግራቸውን ከሳፋው እያወጡ ደግመው «መሰለኝ» አሉ።

ደብዳቤውን ለመጻፍ የሁለት ቀን ባትሪ ጨረሱ። ጽፈው ያጠፋሉ፣ ጽፈው ያጠፋሉ። በመጨረሻ የቀረው ይኼው ነበር፤ በአማርኛ እንዳነበቡልኝ ነው የምጽፈው።

«ወይዘሮ ማርታ፤ በእኛ አገር ለቅሶ በደብዳቤ አይደረስም፤ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰሞኑን በእግሬ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጄ ባለቤትዎ በተቀመጡበት ተቀምጬ አልቅሼላቸዋለሁ። ስለዚህ አሁን መጻፍ እችላለሁ። ያውቁ ነበር። እንዳልነግርዎት አደራ ብለውኝ ነበር፣ ጉዞው ደስ እንዲልዎት። ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ያወሩልኝ ስለ እርስዎ ነው።»

መላኪያውን ነኩ። ማሽኗም ደብዳቤውን ተቀብላ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው፣ መስመር ሲመጣ ልትልከው። መስመር እስኪመጣ አምስት ወር ፈጀ። ሌሎቹንም ስድስት ጻፉ፤ ለእያንዳንዳቸው መጀመሪያ እንግዳው የሄደበት ደብር እየሄዱ። አሸተን ማርያም ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ እያረፉ ወጥተዋል፤ አንዱን እኔ ተከትያቸው ነበር፣ ከኋላ ሆኜ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። የወይዘሮ ማርታን ግን በየቀኑ ይከፍቱና ያነቡታል። ፊደል አይነኩም። ማንበብ ብቻ።

መስመር የመጣ ቀን ሰባቱም ባንድ ጊዜ ሄዱ። የስድስቱ መልስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገባ። የወይዘሮ ማርታ አልመጣም። በወሩም አልመጣም።

«አስቀየምኳት» አሉኝ። «ባሏ የደበቃትን እኔ ባዳው ነገርኳት። አሁን እሱንም የምትቀየመው በኔ ምክንያት ነው።»

«ኧረ ምን ሆነው ነው? አላየችው ይሆናል።»

«ደብዳቤ የላከ ሰው መልሱን አያይም?»

ከዚያ ትንፋሻቸው እየባሰ ሄደ፤ እግራቸው አበጠ። እትዬ የሺ መጥተው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው። መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ በመስኮት ማሽኗን ሰጡኝና ምልክቶቹን አንድ ባንድ ጠየቁኝ፤ እንደ ተማሪ ቆሜ መለስኩ። እንግዳ እምብዛም የለም፣ ግን አልፎ አልፎ ይጽፋል፤ ዕለቱን እመልሳለሁ። በየእሁዱ በዱላቸው እንደምንም ጉብታው ላይ ወጥተው ይደውሉልኝ ነበር። እንዴት ነሽ እንኳ ከመባሉ በፊት «መጣ?» ነው።

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«እሺ። ፍራሾቹ ደህና ናቸው?»

አንድ እሁድ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «መጣ?» ሲሉኝ «መጥቷል» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይቅር ብላዎታለች፣ አመስግናዎታለች ልላቸው። ግን «አንብቢልኝ» ይሉኛል፤ ምን አነብላቸዋለሁ? ደግሞ እኔ የሌለ ደብዳቤ ፈጥሬ አላውቅም። «አልመጣም» አልኩ። ያ የመጨረሻው እሁድ ነበር። አሁን ሳስበው ዋሽቻቸው ቢሆን ምን ነበረበት እላለሁ። መልሼ ደግሞ እንኳን አልዋሸሁ እላለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የምውለው።

እትዬ የሺ ሞታቸውን ከነገሩኝ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ረፋዱ ላይ ማሽኗን ከፈትኩ። አንድ አዲስ ደብዳቤ አለ። የወይዘሮ ማርታ ነው። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየያዝኩ አነበብኩት። መቀበያው ላይ ከኔ በቀር ማንም የለም።

«የተከበሩ አቶ ካሳው፤ መልስ ስጠብቅ ቆይቼ ቆይቼ ተስፋ ስቆርጥ ይህን የደብዳቤ ሣጥን መክፈት ትቼ ነበር። ትናንት ልዘጋው ስከፍተው የእርስዎን አገኘሁ። እንደሚሞት እኔም አውቅ ነበር። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኝ ነበር። እሱ የማያውቅ መስሎኝ ደበቅሁት። ከዚያም ዋሽቼው፣ ሳልሰናበተው ሞተ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን ስወቅስ ኖርኩ። አሁን ገባኝ። እሱ ለእኔ ሲል፣ እኔም ለእሱ ስል እየሳቅን ነበር። ያን ቀን አልታመምኩም፤ አንድ ቀን ብቻዬን ማልቀስ ፈልጌ ነው የቀረሁት። ሌላ ማንም ስለማያውቅ ለእርስዎ ነገርኩዎ። እግርዎ ይባረክ።»

ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ትዝ አለኝ። አምስት ቁጥር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አልጋ ላነጥፍ ስገባ ወይዘሮ ማርታ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር፤ አልዞሩም። ትራሱን ሳነሳው ረጥቧል። ውሃ የደፉበት መስሎኝ፣ በልቤም «አይ የፈረንጅ ነገር» ብዬ፣ ወስጄ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ መልሼ አስገባሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ለወይዘሮ ማርታ የምመልሰው እኔ ነኝ። ጋሽ ካሳው ደብዳቤያቸውን ሳያዩ ማረፋቸውን መንገር አለብኝ፤ እሱን እነግራቸዋለሁ። መልስ መጻፊያውን ከፈትኩ። ከዚያ ባለኝ እንግሊዝኛ «ያን ቀን ትራስዎን ያደረቅሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ።